ከቀዶ ጥገና በኋላ ሕመምን ማስታገስ፦ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያሉ አማራጮች ሲነጻጸሩ

በምዕራብ ጎጃም ዞን የቀዶ ጥገና አገልግሎት ከጊዜ ወደ ጊዜ ለኅብረተሰቡ እየቀረበ መጥቷል። ቀደም ባሉት ዓሥርት ዓመታት ምጥ የጸናባት እናት ወይም አንጀቱ የታጠፈበት አርሶ አደር ለሕክምና ረጅም መንገድ መጓዝ ይጠበቅበት ነበር። በአሁኑ ወቅት በአገሪቱ የጤና ተቋማት እርከን መሠረት፣ እንደ ቡሬ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ማዋለድን ጨምሮ ድንገተኛ ቀዶ ጥገናዎችን እንዲሰጥ ይጠበቃል። እንደ ፍኖተ ሰላም ያለ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ ሰፋ ያለ አገልግሎት እንዲሰጥ የተደራጀ ነው። ከእነዚህ አቅም በላይ የሆኑ ሕሙማን ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር በሪፈር ይላካሉ።

አገልግሎቱ በዚህ መልኩ ሲስፋፋ አንድ ጉዳይ ወደ ኋላ ቀርቷል። ይኸውም ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ ታካሚው የሚሰማው ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ታካሚዎች መካከል 91.4 በመቶ የሚሆኑት ሕመም እንደተሰማቸው፣ 80.1 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ለሕመማቸው በቂ ማስታገሻ እንዳላገኙ አመልክቷል። ጥናቱ የአንድ ሆስፒታል ቢሆንም የሚያሳየው ችግር በሌሎች የአገሪቱ ተቋማትም የሚታወቅ ነው።

ይህ ጽሑፍ በምዕራብ ጎጃም ደረጃ በሚገኙ ተቋማት የሚታወቁትን የማስታገሻ አማራጮች በጥቅማቸው፣ በጉዳታቸውና በአቅርቦታቸው ያነጻጽራል። ከንጽጽሩ የሚገኘው ዋና ቁም ነገር አንድ ነው። ለአብዛኛው ታካሚ የሚበጀው ርካሽና የተለመዱ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ፣ ሕመሙ ሳይበረታ በተወሰነ ሰዓት መውሰድ ነው፤ ጠንካራ የሚባሉት መድኃኒቶች የሚያስፈልጉት ይህ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ይህ እንዲሆን ግን ታካሚውም አስታማሚውም ምን እንደሚጠይቁ ማወቅ ይኖርባቸዋል።

የጉዳዩ አመጣጥ

በዓለም አቀፍ ደረጃ የቀዶ ጥገና ጉዳይ ትኩረት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 የላንሴት የዓለም ቀዶ ጥገና ኮሚሽን 5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች አስተማማኝና አቅማቸው የሚፈቅደው የቀዶ ጥገናና የማደንዘዣ አገልግሎት እንደማያገኙ ይፋ ካደረገ በኋላ ነው። ጤና ሚኒስቴርም በ2008 ዓ.ም. ሕይወትን በአስተማማኝ ቀዶ ጥገና የመታደግ አገር አቀፍ መርሐ ግብር ጀምሯል። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ባለሙያዎች በሁለተኛ ዲግሪ ሠልጥነው ወደ ወረዳና ዞን ሆስፒታሎች እንዲሰማሩ ተደርጓል። በገጠሩ አካባቢ የቀዶ ጥገና ክፍሎች ሥራ እንዲጀምሩ ያስቻለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሕመምን በተመለከተም ሚኒስቴሩ ከአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ጋር በመተባበር ከሕመም ነጻ የሆስፒታል ንቅናቄ አካሂዷል። የንቅናቄው መነሻ ሐሳብ ሕመም እንደ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የአተነፋፈስ ሁኔታና የደም ግፊት ሁሉ በየጊዜው ተለክቶ በታካሚው ቻርት ላይ መመዝገብ አለበት የሚል ነው። ያልተለካና ያልተጻፈ ሕመም ለሚቀጥለው ተረኛ ነርስ አይታወቅምና።

ማስታገሻ ቅንጦት ነው ወይስ ሕክምና?

በአካባቢው ባህል ሕመምን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነትና እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ሐኪሙን ላለማስቸገር የሚታገሡ ሕሙማን ጥቂት አይደሉም። ሌሎች ደግሞ ማስታገሻ ቁስሉን ያዘገያል፣ በሽታውን ይሸፍናል ወይም ሱስ ያስይዛል የሚል ሥጋት አላቸው። እነዚህ ሥጋቶች በቅንነት የሚነሡ በመሆናቸው መልስ ያስፈልጋቸዋል።

ሆዱ የተከፈተ ሰው ሕመም ከያዘው በጥልቀት አይተነፍስም፤ አክታም አይስልም። አክታው ሳንባ ውስጥ ሲጠራቀም ለሳንባ ምች ይዳርጋል። ከአልጋው ያልተነሣ ታካሚ እግሩ ላይ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ የረጋውም ደም ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ ከገባ ለሞት ያበቃል። በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ሕመሟ ካልታገሠላት ሕፃኑን አቅፋ ለማጥባት ትቸገራለች። ለረጅም ጊዜ ያልታከመ ብርቱ ሕመም ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳ ለወራት የሚቆይ ሥር የሰደደ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ማስታገሻ የሕክምናው አካል ነው፤ ዓላማውም ታካሚው እንዲስል፣ እንዲነሣ፣ እንዲራመድና እንዲተኛ ማስቻል ነው። ሕመሙን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ሁልጊዜ አይቻልም።

በሽታውን ይሸፍናል የሚለው ሥጋትም በአብዛኛው መሠረት የለውም። በአግባቡ የተሰጠ ማስታገሻ የቀዶ ጥገናውን መደበኛ ሕመም ይቀንሳል። አዲስ ችግር ሲፈጠር ግን ሕመሙ መድኃኒቱን አልፎ ይመጣል፤ ይህም ራሱ ጠቃሚ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

ፓራሲታሞል። በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል በቀላሉ የሚገኝ፣ ዋጋው ዝቅተኛና በትክክለኛ መጠን ሲወሰድ ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ መድኃኒት ነው። ክብደቱ 50 ኪሎግራምና ከዚያ በላይ ለሆነ ጤናማ አዋቂ የተለመደው መጠን 1 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም 2 ክኒን፣ በየ6 ሰዓቱ ሲሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ለከሱ ሰዎች፣ የጉበት ሕመም ላለባቸውና አልኮል ለሚያዘወትሩ መጠኑ መቀነስ ይኖርበታል። ብዙ ሰው ፓራሲታሞልን ለራስ ምታት ብቻ የሚሆን ደካማ መድኃኒት አድርጎ ይመለከተዋል። በሰዓቱ ሲወሰድ ግን የሌሎችን መድኃኒቶች መጠን ለመቀነስ የሚያስችል መሠረት ነው። ዋናው አደጋው በተለያየ የንግድ ስም ደርቦ መውሰድ ነው፤ ለጉንፋን የሚሸጡ ብዙ ክኒኖችም ፓራሲታሞል አለባቸው። ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበትን ያበላሻል።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። እነዚህ እብጠትንና ቁጣን የሚያበርዱ መድኃኒቶች ለአጥንት ስብራት፣ ለቡአ ቀዶ ጥገናና ለቀዶ ጥገና ወሊድ ጥሩ ውጤት አላቸው። ከፓራሲታሞል ጋር ሲጣመሩም ሁለቱ ለየብቻ ከሚሰጡት የበለጠ ያስታግሣሉ። የሚያጠቡ እናቶችም በሐኪም ትእዛዝ ሊወስዷቸው ይችላሉ። የዳይክሎፌናክ የቀን ጣሪያ ለአዋቂ 150 ሚሊግራም ሲሆን መርፌው ከ2 ቀን በላይ እንዲቀጥል አይመከርም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም፣ የልብ ድካም፣ በእንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚነሣ አስም ወይም ከባድ የደም መፍሰስ ላለባቸው እንዲሁም በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ላሉ ሴቶች ግን አይመከሩም። ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም በተቅማጥና በማስታወክ ሰውነቱ የደረቀ ታካሚ ከወሰዳቸው ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል።

በዚህ ረገድ አንድ የተለመደ እምነት መታረም አለበት። መርፌ ከክኒን ይበልጣል የሚለው አመለካከት በከተማም በገጠርም ሰፍኖ ይገኛል። መዋጥ ለሚችልና ለማያስታውክ ታካሚ ግን የፓራሲታሞልም ሆነ የዳይክሎፌናክ ክኒን በበቂ ሁኔታ ይሠራል። በቂጥ ላይ የሚወጋ መርፌ ደግሞ መግል ሊያስቋጥርና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። መርፌ ጥቅም ላይ የሚውለው ታካሚው ገና መዋጥ በማይችልባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ነው።

ትራማዶል። ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ሳይበቁ ሲቀሩ የሚጨመር መካከለኛ ጥንካሬ ያለው መድኃኒት ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የሆድ ድርቀት ያስከትላል፤ የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አሳስቧል። ያለ ማዘዣ ተገዝቶ የሚወሰድ ትራማዶል ለሱስ የሚዳርግ በመሆኑ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ መወሰድ ይኖርበታል።

ሞርፊንና ፔቲዲን። ለከባድ ሕመም፣ በተለይም ለትልቅ የሆድ ቀዶ ጥገናና ለከባድ ስብራት፣ በመጀመሪያዎቹ 1 እና 2 ቀናት ሞርፊንን የሚተካ የለም ለማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ተካቷል። ፔቲዲን ከሰውነት ሳይወጣ የሚጠራቀም ቅሪት ስለሚፈጥርና ቅሪቱም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል ሞርፊን እያለ ተመራጭ አይደለም። የሞርፊን ከባድ አደጋ መጠኑ ሲበዛ አተነፋፈስን ማዳከሙ ነው። በዚህም ምክንያት ሞርፊን የተሰጠው ታካሚ የንቃቱ ሁኔታና የአተነፋፈሱ ብዛት በየጊዜው መታየት አለበት፤ ማርከሻው ናሎክሶንም በቅርብ መገኘት ይኖርበታል። ተረኛ ነርስ ለብዙ አልጋ በሆነበት ክፍል የሞርፊን ጥያቄ የክትትል ጥያቄም ነው። ሱስን በተመለከተ፣ በሆስፒታል ውስጥ በክትትል ለጥቂት ቀናት የሚሰጥ ሞርፊን ሱስ የማስያዝ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

የአካባቢ ማደንዘዣ። ሊዶካይንና ቡፒቫኬይን በቁስሉ ጠርዝ ወይም ወደ ቁስሉ በሚሄዱ ነርቮች ዙሪያ ሲሰጡ ሕመሙ ወደ አእምሮ እንዳይደርስ ያግዳሉ። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው የጀርባ መርፌ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲለቅ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ሊበረታ ይችላል። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ቁስሉን ከመዝጋቱ በፊት ቡፒቫኬይን ከወጋበት ወይም የማደንዘዣ ባለሙያው የሆድ ግድግዳ ነርቮችን ካደነዘዘ ያንን ክፍተት ለተጨማሪ ሰዓታት መሸፈን ይቻላል። ዘዴው እንቅልፍ አያመጣም፤ አተነፋፈስንም አያዳክም። የሚጠይቀው ሙያና ትክክለኛ መጠን ነው፤ መጠኑ ከበዛ ወይም መድኃኒቱ በስሕተት ወደ ደም ሥር ከገባ መንቀጥቀጥና የልብ ችግር ያስከትላል። በቀዶ ጥገና ወሊድ፣ በቡአና በእጅ ወይም በእግር ስብራት ላይ ከዋጋው አንጻር የሚገኘው ጥቅም ከፍተኛ ነው።

ኬታሚን። የኦክስጅንና የመከታተያ መሣሪያ እጥረት ባለባቸው ሆስፒታሎች ለማደንዘዣነት ሲያገለግል የኖረ መድኃኒት ሲሆን በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ለማስታገሻነትም ይውላል። የሞርፊንን ፍላጎት ይቀንሳል፤ በአነስተኛ መጠን አተነፋፈስን እንደ ሞርፊን አያዳክምም። ነገር ግን ታካሚውን ሊያስቃዠውና የሌለ ነገር ሊያሳየው ስለሚችል ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢነገረው ከድንጋጤ ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ኬታሚን በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዳይገባ በተደጋጋሚ የመከረው እንዲህ ባሉ ተቋማት ያለውን ጥቅም በማየት ነው።

በሰዓት ወይስ ሲያስፈልግ?

ከመድኃኒቱ ዓይነት ባልተናነሰ ውጤቱን የሚወስነው የሚሰጥበት ሁኔታ ነው። ማስታገሻ በሁለት መንገድ ይታዘዛል። አንደኛው በተወሰነ ሰዓት ያለማቋረጥ መስጠት ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ ሲያስፈልግ፣ ማለትም ታካሚው ሲጠይቅ መስጠት ነው። ሁለተኛው መንገድ በጽሑፍ ሲታይ ለታካሚው የሚመች ይመስላል። በተግባር ግን ሕመሙን የሚችል፣ ነርሷን ማስቸገር የማይፈልግ ወይም መጠየቅ እንደሚችል ያልተነገረው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያለ ማስታገሻ ያድራል። አንድ ጊዜ የበረታ ሕመምን ለመመለስም ብዙ መድኃኒት ያስፈልጋል።

በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ፓራሲታሞል በሰዓቱ፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በሰዓቱ፣ ከዚያ በላይ ለሚመጣ ሕመም ትራማዶል ወይም ሞርፊን ሲያስፈልግ ማዘዝ የተሻለ ነው። ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ ሲታዘዝ ለምሳሌ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 6፣ ከምሽቱ 12 እና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይሆናል። ይህ አቀራረብ አዲስ መሣሪያም ሆነ ውድ መድኃኒት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የተጻፈ ትእዛዝና ትእዛዙን የሚያውቅ አስታማሚ ነው።

ሕመምን ለመግለጽ በሆስፒታል የተለመደው መለኪያ ከ0 እስከ 10 ነው፤ 0 ሕመም የለም ማለት ሲሆን 10 ሊኖር ከሚችለው ሁሉ የከፋው ነው። በቁጥር መግለጽ የሚከብዳቸው አረጋውያን የለም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ማለት ይችላሉ። ሕመሙ ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ይጠዘጥዛል ወይም ይቆርጣል ብሎ መለየትም ለባለሙያው መንስኤውን ይጠቁመዋል። በተኛበት ሳይሆን ሲስልና ሲነሣ ያለውን ሕመም መናገርም ያስፈልጋል፤ ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው ደህና ሊመስል ይችላልና።

ሦስት የተለመዱ ሁኔታዎች

በቀዶ ጥገና የወለደች እናት። ለእርሷ የሚመረጠው ነርቭን የሚያደነዝዝ ወይም በቁስሉ ላይ የሚሰጥ ማደንዘዣ፣ ከዚያም ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በሰዓቱ ነው። ከባድ ሕመም ከቀጠለ ሞርፊን በክትትል ሊሰጣት ይችላል። ትራማዶል ከታዘዘላት እንደምታጠባ ለሐኪሙ መናገር አለባት። የእርግዝና የደም ግፊት ከነበረባት ወይም ብዙ ደም ከፈሰሳት ዳይክሎፌናክ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ሊያውቅ ይገባል።

ቡአ የተሠራለት አርሶ አደር። ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለእርሱ ቁስሉ ላይ የሚሰጠው ማደንዘዣና ለጥቂት ቀናት የሚወሰዱት ክኒኖች በአብዛኛው ይበቃሉ። ፈተናው የሚመጣው ሕመሙ ሲቀልለት ነው። ማስታገሻው ስለሠራ ድኛለሁ ብሎ ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ሞፈርና ቀንበር መሸከም ወይም እርሻ መግባት ቁስሉንም ጥገናውንም ይጎዳል።

አጥንቱ የተሰበረ ሰው። ከስብራት ቀዶ ጥገና በኋላ ሕመሙ ከባድ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ሞርፊን ወይም የነርቭ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። እዚህ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጀሶው ወይም ማሰሪያው የጠበቀበት፣ ጣቶቹን ሲዘረጉለት የሚጮኽ፣ ሕመሙ በመድኃኒት የማይበርድና እየጨመረ የሚሄድ ታካሚ ወደ ጡንቻው የሚሄደው ደም ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ እጁን ወይም እግሩን እስከማጣት ይደርሳል። በወጌሻ አጥብቆ የታሰረ ስብራትም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ይህን ሕመም በተጨማሪ ክኒን ለማስታገስ መሞከር ጊዜን ማባከን ነው።

አቅርቦትና ቁጥጥር

በዓለም ላይ ያለው የሞርፊን ክፍፍል እጅግ የተዛባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት እንዳመለከተው በዓመት ለዓለም ከሚሰራጨው 298.5 ሜትሪክ ቶን በሞርፊን አቻ መጠን የተሰላ ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ሜትሪክ ቶን ብቻ ነው። በሌላ በኩል በአሜሪካ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ያለ ልክ መታዘዛቸው ብዙ ሕይወት ለቀጠፈ የሱስ ቀውስ መንገድ ከፍቷል። ከሁለቱ ተሞክሮ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱ በሆስፒታል ውስጥ ለሚያስፈልገው ሰው መገኘት አለበት፣ ወደ ቤት የሚላከው ግን በጥብቅ መጠን መሆን ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1961 ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት አባል በመሆኗ ሞርፊንና ፔቲዲን በልዩ የማዘዣ ወረቀት ይታዘዛሉ፤ በቁልፍ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ መጠንም ይመዘገባል። ቁጥጥሩን የሚመራው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን የመንግሥት ተቋማትን መድኃኒት የሚያቀርበው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የሚደርሰው መድኃኒት ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን በሚያገናኘው አውራ መንገድ ላይ የተመሠረተ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያጋጠመው የጸጥታ ችግር የመንገድ እንቅስቃሴን በተለያዩ ጊዜያት አስተጓጉሏል፤ ሪፈርም ሆነ የመድኃኒት ጉዞ ከዚህ ተጽዕኖ ውጭ አልሆነም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአንድ መድኃኒት ላይ ብቻ የማይመረኮዝ የማስታገሻ ዕቅድ ያለው ሆስፒታል የተሻለ መቋቋም ይችላል።

ክፍያን በተመለከተ በመንግሥት ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነጻ ከሚሰጡት መካከል ነው። ለሌሎች ቀዶ ጥገናዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ሥርዓቱን ጠብቀው ሲሄዱ ይሸፈንላቸዋል። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር በወቅቱ በምዕራብ ጎጃም ሥር የነበረው ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር። የታዘዘው ማስታገሻ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ከጠፋ ታካሚው ከውጭ ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙ በተቋሙ ባለ ሌላ መድኃኒት መተካት ይችል እንደሆነና ወጪው በመድኅኑ ይሸፈን እንደሆነ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ወደ ገጠር ሲመለሱ

ከሆስፒታል የወጣ ታካሚ ወደ ሰከላ፣ ወደ ወምበርማ ወይም ወደ ቋሪት ቀበሌዎች ሲመለስ ነርስ አጠገቡ የለችም፤ ሕክምናውን የሚቀጥለው አስታማሚው ነው። ስለዚህ አስታማሚው የመድኃኒቶቹን ስም፣ የሚወሰዱበትን ሰዓትና የሚያበቁበትን ቀን ይዞ መውጣት አለበት። ማንበብ የማይችል ከሆነ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ በፀሐይ መውጫ፣ በእኩለ ቀን፣ በፀሐይ መግቢያና በእኩለ ሌሊት ምልክት እንዲደረግለት መጠየቅ ይችላል።

ጾም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ጨጓራን ይበልጥ ያስቆጣሉ። እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚጾም ታካሚ የጠዋቱን መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዳይውጥ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር፣ ጾሙን ደግሞ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገርበት መልካም ነው። ሙስሊም ታካሚዎችም በረመዳን ወቅት ተመሳሳይ ምክክር ቢያደርጉ ይጠቅማቸዋል።

አረቄም ሆነ ሌላ የአልኮል መጠጥ ከማስታገሻ ጋር አይወሰድም። ከፓራሲታሞል ጋር ጉበትን፣ ከዳይክሎፌናክ ጋር ጨጓራን ይጎዳል፤ ከትራማዶልና ከሞርፊን ጋር ሲደመር ደግሞ አተነፋፈስን ያዳክማል። ለሌላ ሰው የታዘዘን ክኒን መዋስ፣ ከመድኃኒት መደብር ተጨማሪ መርፌ ማስወጋትና የአዋቂን መድኃኒት ገምሶ ለሕፃን መስጠት ከባድ አደጋ ያስከትላሉ። የሕፃናት መጠን የሚሰላው በክብደታቸው ነው።

ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሰማ መደበኛ ሕመም በመጀመሪያዎቹ 1 እና 2 ቀናት ይበረታና ቀን በቀን ይቀንሳል። ከ3ኛው ቀን በኋላ እንደገና የሚጨምር ሕመም፣ ትኩሳት፣ መግል ወይም የቁስል መቅላት፣ የሆድ መነፋትና ማስታወክ፣ ጥቁር ሰገራ፣ የሽንት መጥፋት፣ የእግር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ማስታገሻ ጨምሮ ቤት መቆየት አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ማስታገሻ ወስዶ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ወይም ትንፋሹ የዘገየ ሰው ካለም ጊዜ ሊሰጠው አይገባም። በቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቁስሉን አይተው ወደ የት መሄድ እንደሚገባ ለመምራት ይችላሉ።

ተገልጋዩ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ማንኛውም ሰው ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙን ወይም የማደንዘዣ ባለሙያውን የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይችላል፦

1. ማደንዘዣው ሲለቅ ምን ማስታገሻ ይሰጠኛል? በሰዓት ነው ወይስ ስጠይቅ?
2. በቁስሉ ላይ ወይም በነርቩ ዙሪያ የሚሰጥ ማደንዘዣ ለእኔ ይሆናል?
3. ያለብኝ የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአለርጂ ችግር የትኛውን መድኃኒት ይከለክላል?
4. የተሰጠኝ ካላስታገሠልኝ በሌሊት ማንን እጠራለሁ?
5. ቤት ስሄድ የትኛውን፣ በስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ እወስዳለሁ?

እነዚህን መጠየቅ ባለሙያን መዳፈር አይደለም፤ መልሱም በቻርቱ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ይቻላል። በቂ ምላሽ ያላገኘ ተገልጋይ ቅሬታውን ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ማቅረብ ወይም በጤና ሚኒስቴር ነጻ የስልክ መስመር 952 መደወል ይችላል። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም አጠራጣሪ የሆነ መድኃኒት ያጋጠመው ሰው ደግሞ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 መጠቆም ይችላል።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ለአብዛኛው ታካሚ የሚያስፈልጉት ማስታገሻዎች ርካሽና የሚታወቁ ናቸው። በሰዓቱ መሰጠታቸውን፣ ሕመሙ መለካቱንና ወደ ቤት የሚሄደው ሰው መመሪያውን ተረድቶ መውጣቱን ማረጋገጥ የሆስፒታሉ ኃላፊነት ነው። ሕመሙን ሳይደብቅ መናገር ደግሞ የታካሚው ድርሻ ይሆናል።